ፍሪሲዮን ከመፈታቱ በፊት

ባሕር ዳር ውስጥ አንድ ሞተር ሳይክል ጉልበት ካነሰው ጥፋተኛው ቀድሞ ታውቋል። ሞተሩን ከማርሹ ጋር የሚያገናኘውና የሚያላቅቀው ፍሪሲዮን ነው። ባለቤቱ እንደዚያ ይላል። ጎረቤቱም ይላል። ባጃጁ ላይ ተደግፎ ተሳፋሪ የሚጠብቀው ልጅም ሳይጠየቅ ይላል። ካርቡረተሩ ቆሽሾ ይሆን? የኋላ ፍሬኑ ይዞ ይሆን? ጎማው ነፋስ አንሶት ይሆን? የሚጠይቅ የለም። «ፍሪሲዮኑ አልቋል፣ ይፈታ» ይባላል። ይፈታል። አዲስ ሸራ፣ ማለትም የሚፋተገው ልባስ፣ ይገባለታል። ሂሳብ ይከፈላል። ሞተሩ ግን ያው ነው።

የእኔ ደመወዝ የሚመጣው ከሌላ ቦታ ነው። ሆኖም አባይ ማዶ አንድ ወዳጄ ትንሽ የሞተር ጋራዥ አለው፤ ከሥራ ስወጣ እግሬ የሚወስደኝ ወደዚያ ነው። ሰው ሐይቁ ዳር ተቀምጦ አሣ ይበላል፤ እኔ ዘይት የጠገበ በርጩማ ላይ ተቀምጬ የሰው ሞተር አዳምጣለሁ። ከዚያ ሁሉ ማዳመጥ በኋላ አንድ አቋም ይዣለሁ። ፍሪሲዮን መጠርጠሩ ደግ ነው፤ መፈታት ያለበት ግን መጨረሻ ላይ ነው። ችግሩ መፍታቱ ቀላል መሆኑ ነው። ዘይቱን ታፈሳለህ፣ የጎን ክዳኑን ቡሎኖች ታወጣለህ፣ በቃ ደረስክበት። ቀላል ነገር ደግሞ እጅ ያስለምዳል።

ይህን ጽሑፍ ያመጣው ግን የባሕር ዳር ሞተር አይደለም። ዶሃ ያለው የአክስቴ ልጅ ነው።

ልጁ እዚሁ ባሕር ዳር፣ ሽምብጥ ሰፈር ውስጥ ብስክሌት እየነዳ ያደገ ነው። እንደ ብዙዎቻችን። አሁን ዶሃ ይሠራል፤ ከሚያጠራቅማት ላይ ቀንሶ አንድ ያገለገለ 600 ሲሲ፣ ባለ አራት ፒስቶን የጃፓን ሞተር ገዛ። መንገድ ላይ አይነዳውም። መብራቱን አውልቆ፣ ታርጋውን አንስቶ፣ በመኪና ጭኖ ወደ ሉሳይል ይወስደዋል። ሉሳይል ከዶሃ ወጣ ብሎ በረሃ ላይ የተሠራ የእሽቅድምድም ሜዳ ነው። እ.ኤ.አ. በ2004 ተከፈተ። ሞቶጂፒ የሚባለው የዓለም የሞተር ሳይክል ውድድር ከ2008 ጀምሮ በመብራት፣ በምሽት ይካሄድበታል። አንድ ዙሩ 5.38 ኪሎ ሜትር ሲሆን ዋናው ቀጥታ መንገድ ብቻውን 1,068 ሜትር ነው። አዲሱ የአባይ ድልድያችን 380 ሜትር ነው፤ ሦስቱን ቢገጣጥሙት ነው ያን ቀጥታ የሚያህለው።

ከዚያ ቀጥታ ላይ ነው ጉዱ የመጣው። በቴሌግራም ድምፅ ላከልኝ።

«ጋሽዬ፣ ሞተሩ ይጮሃል እንጂ አይሄድም። እዚህ ያሉት ፍሪሲዮኑን ሙሉ በሙሉ ቀይር እያሉኝ ነው። ልቀይር?»

እኔ የእሽቅድምድም ሜዳ በዓይኔ አይቼ አላውቅም። የማየው በቴሌቪዥን ነው። ቢሆንም ጥያቄው አላስደነገጠኝም። ፍሪሲዮን የትም ፍሪሲዮን ነው። ሞተሩ የሚያሽከረክረው አንድ ውጪያዊ ቤት አለ። በዚያ ቤት ጥርሶች መሃል ሸራ የተለጠፈባቸው ዲስኮች ይገባሉ። በየመሃላቸው ልሙጥ የብረት ዲስኮች አሉ፤ እነሱ ደግሞ ከካምቢዮው፣ ከማርሽ ሳጥኑ፣ ዘንግ ጋር ነው የሚዞሩት። ከላይ ሞላዎች ተጭነው ሁሉንም አንድ ላይ ያጣብቋቸዋል። የፍሪሲዮኑን እጀታ ስትጨብጥ የሞላዎቹ ጭነት ይነሳል፣ ዲስኮቹ ይላቀቃሉ። ስትለቅ ይያያዛሉ። በአብዛኞቹ ሞተሮች ይህ ሁሉ የሚሆነው ዘይት ውስጥ ነው። እዚህ የምንነዳው ቦክሰር የሚባለው ሞተር ላይ ያለውም ይኸው ነው፣ የአክስቴ ልጅ ሞተር ላይ ያለውም ይኸው ነው። የቦክሰር 150 ጉልበት 12 የፈረስ ጉልበት አካባቢ ነው፤ የእሱ ከመቶ በላይ። የዲስኩ ብዛት ይለያያል፣ ሙቀቱ ይለያያል፣ ሥራው አንድ ነው።

በሽታውም እንደዚያው። ወይ አይዝም፣ ወይ አይለቅም። አልፎ አልፎ ደግሞ ሲይዝ ይንቀጠቀጣል። ሰው የሚያመጣልህ ቅሬታ ሃምሳ ዓይነት ቢሆንም ዞሮ ዞሮ ከእነዚህ አንዱ ነው። የትኛው እንደሆነ ሳይለይ ቁልፍ የሚያነሳ ሰው አያስደስተኝም።

«ይጮሃል እንጂ አይሄድም» የመጀመሪያው ነው፤ አለመያዝ። ግን «ይመስለኛል» አይበቃም። በተለይ አሽከርካሪው ራሱ ከ200 ኪሎ ሜትር በሰዓት በላይ እየበረረ፣ ልቡ እየመታ፣ ጆሮው ኮፍያ ውስጥ ሆኖ የሰማውን ነው የሚነግርህ። «የሚጮኸው ሞተሩ ነው ወይስ አንተ?» ብዬ ቀለድኩበት። ከዚያ ቪዲዮ እንዲልክልኝ ነገርኩት። ካሜራው የዙርና የፍጥነት ሰዓቶቹን ብቻ እንዲያይ፤ መንገዱ አያስፈልገኝም።

ቪዲዮው መጣ። ኢንተርኔቱ በሚሻልበት ሰዓት፣ ሌሊት አወረድኩት። በማግስቱ ጋራዡ ውስጥ ወዳጄ፣ ተለማማጁ ልጅና እኔ አንዲት ስልክ ላይ ተደፍተን እያቆምን አየነው። ተለማማጁ ቁጥሩን ያነባል፣ እኔ የካርቶን ቁራጭ ላይ እጽፋለሁ። ማርሹ አምስተኛ ነው። ዙሩ በደቂቃ 12,000 ሲሆን ፍጥነቱ 188 ይላል። ትንሽ ቆይቶ ዙሩ 13,000 ሆነ። ፍጥነቱ 196።

እዚህ ላይ ነው ጨዋታው። ማርሽ ካልተቀየረ ዙርና ፍጥነት አብረው ነው መውጣት ያለባቸው። መሃላቸው ጥርስ ብቻ ነው ያለው፤ ጥርስ ደግሞ አይደራደርም። 12,000 ላይ 188 ካለ፣ 13,000 ላይ 204 ገደማ ማለት ነበረበት። 196 አለ። የቀረው ወደ 4 በመቶ የሚጠጋ ዙር የሆነ ቦታ ፈስሷል።

ወዳጄ ወዲያው «ጎማው ቢሆንስ? አሸዋ ያለበት ሜዳ ነው፣ የኋላ ጎማው እየተንሸራተተ ቢሆንስ?» አለ። ጥሩ ጥያቄ ነው፤ ሉሳይል በረሃ መሃል ነው፣ ነፋሱ አሸዋ ያመጣል። መልሱ ያለው ግን የፍጥነት ማንበቢያው የት እንደተገጠመ ላይ ነው። በዚህ ሞተር ላይ ፍጥነት የሚነበበው ከካምቢዮው መውጫ ነው፣ ካቴናው ከሚነሳበት አካባቢ። ስለዚህ ጎማው ቢንሸራተት ኖሮ ዙሩም ፍጥነቱም አብረው ይዘሉ ነበር፤ ሰዓቱ የሚያሳየው የጎማውን መዞር እንጂ የመሬቱን መሄድ አይደለም። ዙሩ ብቻውን የሚወጣው ከማንበቢያው በፊት ያለው ነገር ሲላቀቅ ነው። ከማንበቢያው በፊት ያለው ሊላቀቅ የሚችል ነገር ደግሞ አንድ ነው። በስልክ ጂፒኤስ ፍጥነት ብትለካው ግን የጎማውና የፍሪሲዮኑ መንሸራተት ተደባልቆ ነው የሚመጣልህ። ይህን ልዩነት የማያውቅ ሰው በጎማ ጥፋት ፍሪሲዮን ይቀይራል።

4 በመቶ ትንሽ ሊመስል ይችላል። ሂሳቡን እንሥራ። ሞተሩ በዚያ ሰዓት 75 ኪሎዋት ገደማ እያወጣ ነው እንበል። የዚያ 4 በመቶ 3 ኪሎዋት ነው፤ ሁሉም ሙቀት ሆኖ ነው የሚቀረው። እንጀራ የምንጋግርበት የኤሌክትሪክ ምጣድ ከዚህ ብዙ አይርቅም። ያን ምጣድ ወስደህ ሁለት መዳፍ በምትሸፍነው ዕቃ ውስጥ ጨምረው፣ በየዙሩ ቀጥታው ላይ ለኩሰው። ሸራው ለምን እንደሚያር፣ ብረቱ ለምን ሰማያዊ እንደሚሆን ከዚህ በላይ ማብራሪያ አያስፈልገውም። ደግሞ መንሸራተት ሲሞቅ ይብሳል፣ ሲብስ የበለጠ ያሞቃል። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው እዚህ ጋ ቃል በቃል ይሠራል።

እዚህ ላይ ስለ ከተማችን አንድ ነገር ልበል። ባሕር ዳር ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር አካባቢ ላይ ናት። የአየሩ ግፊት ባሕር ዳርቻ ካለው 80 በመቶ ገደማ ነው። ሞተር የሚተነፍሰው ያን አየር ነው፤ ስለዚህ አየር በግፊት የሚያስገባ ተርቦ የሌለው ሞተር እዚህ ጉልበቱን ወደ አንድ አምስተኛ ይቀንሳል። ከዚህ ሁለት ነገር ይከተላል። አንደኛ፣ እዚህ የማይንሸራተት ደካማ ፍሪሲዮን ዶሃ ቢወሰድ ሊንሸራተት ይችላል፤ ሞላው ያው ነው፣ የሚገፋው ጉልበት ግን ጨምሯል። ሁለተኛ፣ እዚህ «ሞተሬ ደከመ» የሚለው ሰው ብዙ ጊዜ እውነቱን ነው፣ ግን ፍሪሲዮኑ ንጹሕ ነው። ለቆላ የተስተካከለ ካርቡረተር ይዞ ደጋ ከወጣ ነዳጁ ይበዛበታል፣ ካንዴላው ይጠቁራል፣ ሞተሩ ይታፈናል። ሁለቱን መለየት ቀላል ነው። የታፈነ ሞተር ነዳጅ ስትሰጠው ድምፁም አይወጣም፣ ፍጥነቱም አይወጣም። ፍሪሲዮኑ የማይዝ ሞተር ድምፁ ወጥቶ ይሄዳል፣ አንተ እዚያው ነህ።

ቦክሰር ላይ ዙር ቆጣሪ የለም። ጆሮ አለ። ለዚያ ደግሞ ዳገት ያስፈልጋል፤ ባሕር ዳር ሜዳ ናት። የእኛ ሰዎች የሚወጡት ወደ በዛዊት ኮረብታ ነው። ዳገቱ ላይ ከፍ ባለ ማርሽ፣ በዝቅተኛ ዙር እየሄድክ ነዳጁን በአንዴ እስከ ጥግ ስጠው። ደህና ፍሪሲዮን ከሆነ ሞተሩ ያጉረመርማል፣ ይንገዳገዳል፣ እያማረረ ይጎትታል። ካልያዘ ድምፁ ድንገት ይቀጥናል፣ ወደ ላይ ይሸሻል። አንዴ የሰማው ሰው አይረሳውም። ፈተናው ደጋግሞ የሚሠራ አይደለም፤ አንዴ ሰምተህ ውረድ። የታመመውን ሸራ ለማረጋገጥ ብለህ አትግደለው።

ወደ ዶሃው ልመለስ። መንሸራተቱ ተረጋግጧል። ይህ ማለት ግን ይፈታ ማለት አይደለም። ዲስኮቹ ሳያልቁ ፍሪሲዮን የሚያንሸራትቱ ነገሮች ከውጭ አሉ፤ ከነሱ ነው የሚጀመረው።

የመጀመሪያው እጀታው ነው። ወዳጄ ጋራዥ ውስጥ ሞተር ሲገባ የሚያደርገውን ልንገራችሁ። ሞተሩን አያስነሳም። በግራ እጁ ትንሿ ጣት የፍሪሲዮኑን እጀታ ጫፍ ቀስ አድርጎ ይስባል። እጀታው ከመሪው ጋር በሚታሰርበት ቦታ ላይ አንዲት ስንጥቅ መሰል ክፍተት ትከፈታለች፤ 2 ወይም 3 ሚሊ ሜትር። ከዚያ በኋላ ነው ሞላው መግፋት የሚጀምረው። ወዳጄ ዓይኑን ጨፍኖ ነው የሚያደርገው። ያቺ ክፍተት ከሌለች እጀታው ተለቅቆም ኬብሉ ተወጥሯል ማለት ነው፤ አንድ ሰው ሌት ተቀን ፍሪሲዮኑን በስሱ እንደጨበጠ ይቆያል። ሞላው ሙሉ ጭነቱን ዲስኮቹ ላይ አያሳርፍም። በብዙ ባለ ኬብል ሞተሮች ላይ ደግሞ ሸራው እያለቀ ሲሄድ ክፍተቷ እየጠበበች ነው የምትሄደው። ስለዚህ ስታስተካክላት የምትፈታው አንዲት ዳዶ ናት፣ የምታድነው ሙሉ ፍሪሲዮን ሊሆን ይችላል። ስንቱ ሰው ይህችን ሳያይ ክዳን ይከፍታል!

የአክስቴ ልጅ የሚታጠፍ አጭር የእሽቅድምድም እጀታ አስገጥሞ ነበር። ሲወድቅ እንዳይሰበር ነው። ይህን ስሰማ «አገኘነው» አልኩ። እጀታ ሲቀየር ክፍተቷ ትጠፋለች፤ የታወቀ ነው። ሞተሩ በሞቀበት ሰዓት እንዲለካ ነገርኩት፣ ሲቀዘቅዝና ሲሞቅ ክፍተቱ አንድ ስላልሆነ። ለካ። 3 ሚሊ ሜትር። ኬብሉም ሳይያዝ ወለል ብሎ ይመለሳል። አላገኘነውም።

ሁለተኛው ዘይት ነው። ስለ ዘይት ብዙ ማለት እችላለሁ፤ እዚህ አገር ፍሪሲዮን የሚገድለው ከሁሉ በላይ እሱ ይመስለኛል። መኪና ውስጥ የሞተሩ ዘይት ፍሪሲዮኑን አያገኘውም። ሞተር ሳይክል ላይ ግን አንዱ ዘይት ፒስቶኑንም፣ ካምቢዮውንም፣ ፍሪሲዮኑንም ያገለግላል። ዘመናዊ የመኪና ዘይት ነዳጅ ለመቆጠብ ሲባል ማለስለሻ ቅመም ይጨመርበታል። ፍሪሲዮን ደግሞ የሚኖረው በመፋተግ ነው። ጃፓኖች ይህን አይተው እ.ኤ.አ. በ1998 ለሞተር ሳይክል ዘይት የራሱን ደረጃ አወጡ፤ ጃሶ ይባላል። ጣሳው ላይ «ኤምኤ» ወይም «ኤምኤ2» የሚል ካለ ለዘይት ነክ ፍሪሲዮን ተፈትኗል ማለት ነው። «ኤምቢ» የሚለው ለስኩተር ዓይነት ነው፤ ማርሽ ያለው ሞተር ውስጥ አይገባም።

ባለፈው አንድ ዕቃ የሚያመላልስ ሰው ቦክሰሩን ይዞ መጣ። በዛዊት ላይ ሞከርነው፤ ድምፁ ሸሸ። ክፍተቷን አየናት፣ ደህና ናት። «ዘይት መቼ ቀየርክ?» አልነው። ፊቱ በራ። «አሁን በቅርቡ! ያውም ውዱን!» አለ። ሻጩ ለመኪና የሚሆነውን፣ ስሱን፣ ነዳጅ ቆጣቢውን ነበር የሰጠው። ውድ ስለሆነ ጥሩ ነው ብሎ። ሻጩም ገዢውም ክፋት አላሰቡም። ዘይቱ ፈሰሰ፣ ትክክለኛው ገባ፣ ሰውዬው ሥራውን እየሠራ ጥቂት ከቆየ በኋላ መንሸራተቱ ለቀቀው። ሁልጊዜ እንዲህ አይቀናም። ሸራው ማለስለሻውን ከጠጣ ወይም ከተቃጠለ በዘይት ብቻ አይድንም። ሙከራው ግን ርካሽ ነው፤ ዘይቱ ለማንኛውም መቀየሩ አይቀርም።

ዘይት ስታፈስ ደግሞ ዝም ብለህ አትድፋው። አሽትተው። የተቃጠለ ሸራ የራሱ ሽታ አለው፤ ፍሬን የበዛበት የጭነት መኪና ከዳገት ሲወርድ የሚተወው ዓይነት። ከዚያ በሁለት ጣት አሸው። ጥቁር፣ ለስላሳ ዱቄት ካለው ከሸራው የመጣ ነው። የሚያብለጨልጭና የሚቆረቁር ከሆነ ጉዳዩ ሌላ ነው፣ ምናልባትም የባሰ። ዶሃ ያለው ኤምኤ2 ዘይት ነበር የተጠቀመው። አፍስሶ ፎቶ ላከልኝ፤ ፎቶ አይሸትም። «አሽትተህ ንገረኝ» አልኩት። ጥቂት ዝም ብሎ «ጋሽዬ፣ ያረረ ነገር ይሸታል» አለ።

አሁን ሌላ ጥያቄ ቀረ። መቼ ጀመረ? ከምን በኋላ? ይህን መጀመሪያ ጠይቄው «ዝም ብሎ ነው የጀመረው» ብሎኝ ነበር። ዝም ብሎ የሚጀምር ነገር የለም። አሁን አጥብቄ ስጠይቀው ነገሩ ወጣ። ከዚያ በፊት በነበረው ምሽት ከጓደኞቹ ጋር የውድድር አነሳስ ሲለማመዱ ነበር። ሞተሩን ከፍ ባለ ዙር ይዘህ ፍሪሲዮኑን በግማሽ እየለቀቅክ መስፈንጠር። አንዴ አይደለም፣ እየደጋገሙ። በመሃሉ ሳያሳርፉት።

በሜዳ ላይ ፍሪሲዮን የሚጎዳው እዚያች ሰዓት ላይ ነው። ከተነሳ በኋላማ ብዙም ሥራ የለውም። ብዙዎቹ የአሁኖቹ የእሽቅድምድም ሞተሮች ማርሽ ወደ ላይ ሲጨምሩ ፍሪሲዮን ሳይነካ የሚቀይር መሣሪያ አላቸው። ወደ ታች ሲቀንሱ ደግሞ ተንሸራታች የሚባለው ዓይነት ፍሪሲዮን ጎማው እንዳይዘል ሲል ራሱን በትንሹ ይለቃል፤ ያ ጤና ነው፣ በሽታ አይደለም። በፍሬን ሰዓት የምታየውን መለቀቅ ከቀጥታው መንሸራተት ጋር ማምታታት አይገባም። ሞቶጂፒ ላይ ያሉት እንዲያውም ዘይት የማይነካው ደረቅ ፍሪሲዮን ነው የሚጠቀሙት፤ የዘይት ጥያቄ የለባቸውም።

የእኛ ፍሪሲዮን ግን እንደዚያ በአንድ ምሽት አይሞትም። ቀስ እያለ ነው። ሦስት ሰው ወይም ሁለት ኩንታል የጫነ ሞተር ገበያ መግቢያ ላይ ይቆማል። ሰው ይተላለፋል፣ ባጃጅ ይገባል፣ ጋሪ ይወጣል። ነጂው ማርሹን ዜሮ አያደርግም፤ አንደኛ ውስጥ ሆኖ ፍሪሲዮኑን በግማሽ ይዞ እንደመሄድም እንደመቆምም ይላል። ከገበያው ወጥቶም ሁለት ጣቱ እጀታው ላይ ናቸው። ፍሬኑ ላይ ቢሆኑ ይሻለው ነበር። እንዲህ የሚነዳ ሰው ሸራ ሲያልቅበት «ፎርጅድ ነው የሸጡልኝ» ይላል። ፎርጅድ ሸራ የለም አልልም። ሞልቷል። ግን ኦሪጅናሉም በዚህ አነዳድ ዕድሜ አይኖረውም።

ስለ አለመልቀቅ ብዙ አልጽፍም፤ ምልክቱ ግልጽ ነው። እጀታውን እስከ ጥግ ጨብጠህም ሞተሩ ወደፊት ይገፋል፣ አንደኛ ሲገባ «ቋ» ይላል፣ ቆመህ ዜሮ ማግኘት መከራ ይሆናል። እዚህ ክፍተቷ ከመጠን በላይ ሰፍታ ይሆናል፣ ኬብሉ ጫፉ ላይ ክር ክር ብሎ ሊበጠስ ደርሶ ይሆናል፣ ዘይቱ በዝቶ ወይም ወፍሮ ይሆናል፣ ብረቶቹ ተጣመው ይሆናል። ጠዋት ላይ ብቻ ከሆነ ዲስኮቹ በቀዘቀዘ ዘይት ተጣብቀው ነው፤ ደብረ ታቦር ያለ ሰው ከባሕር ዳሩ ይበልጥ ያውቀዋል። ሲያረጅ የሚመጣ አንድ ነገር ደግሞ አለ። የውጪው ቤት ጥርሶች ላይ ዲስኮቹ እየመቱ ቦይ ይቆፍራሉ። ዲስኩ ቦይዋ ውስጥ ይቀረቀራል፣ ወደ ጎን መንሸራተት እምቢ ይላል። አንዳንዱ በሞረድ ያስተካክለዋል። ትንሽ ጭረት ከሆነ እሺ፤ ጥፍር የሚይዝ ቦይ ከሆነ ግን ሞረዱን ባላነሳ እመርጣለሁ። ጥርሱ ይሳሳል፣ ዲስኩ የበለጠ ይመታል።

ለአክስቴ ልጅ አሁን «ፍታው» አልኩት። ከውጭ የሚጠየቀው ሁሉ ተጠይቆ አልቋል። ሲፈታ እያንዳንዱን ዲስክ በወጣበት ቅደም ተከተል እንዲደረድር፣ ፎቶም እንዲያነሳ ነገርኩት፤ በአንዳንድ ሞተር ላይ አንዱ ዲስክ ከሌሎቹ ይለያል፣ ቦታው ከተሳሳተ መንቀጥቀጥ ያመጣል።

የሸራዎቹ ውፍረት በካሊፐር ሲለካ የአምራቹ መመሪያ ከሚፈቅደው ዝቅተኛ ልክ በላይ ነበር። «አላለቀማ!» አለ በደስታ። ፎቶውን ሳየው ግን የሸራው ፊት እንደ አዲስ ሻካራ አይደለም፤ አብረቅርቋል፣ ጥቁር ሆኗል። ውፍረት አለው፣ መያዣ ግን የለውም። ብረቶቹ ላይ ሰማያዊና ወይን ጠጅ ክብ ክብ ታይቷል። አንዱን መስታወት ላይ አስተኝቶ በስስ መለኪያ ብረት ዙሪያውን እንዲሞክር አደረግኩት። ብዙ አምራቾች የሚፈቅዱት መጣመም ከ0.1 እስከ 0.3 ሚሊ ሜትር ነው፤ የእሱ መመሪያ ከሚለው አልፏል። ሞላዎቹም ሲለኩ ከልካቸው አጥረዋል። ሙቀት ሞላን ያደክማል፤ የደከመ ሞላ ደግሞ አዲስ ሸራ ብታስገባለትም ያንሸራትተዋል። ሸራ ቀይሮ አሮጌ ሞላ የሚመልስ ሰው ሁለት ጊዜ ነው የሚከፍለው። እዚህ ይህን በጣም አያለሁ፤ ሞላው «ገና ነው» እየተባለ ይመለሳል፣ ማንም አይለካውም።

እንግዲህ መጨረሻ ላይ እዚያ ያሉት መጀመሪያ እንዳሉት ሸራውም፣ ብረቱም፣ ሞላውም ተቀየረ። ወዳጄ ይህን ሲሰማ ስቆ «ታዲያ ምን ለወጥክ?» አለኝ። ሁለት ነገር። ውጪያዊው ቤት አልተቀየረም፤ ጥርሶቹ በጣት ሲዳሰሱ ልሙጥ ናቸው። «ሙሉ በሙሉ» ከሚለው ውስጥ ትልቁ ዋጋ እሱ ነበር። ሌላው፣ ልጁ አነሳስ ሲለማመድ በየመሃሉ አንድ ሁለት ዙር ቀስ ብሎ እየነዳ ዘይቱ ሙቀቱን እንዲወስድለት ማድረግ ጀምሯል። ዝም ብሎ ቢቀየርለት ኖሮ በሚቀጥለው ወር አዲሱንም ያሳርረው ነበር።

ሲገጥም ሦስት ነገር አስጠነቀቅኩት። አዲሶቹ ሸራዎች ከመግባታቸው በፊት ዘይት ውስጥ ይደሩ፤ ደረቅ ሸራ በመጀመሪያው መነሳት ላይ ይቃጠላል። የሞላዎቹ ቡሎኖች በመስቀል አቅጣጫ፣ ትንሽ በትንሽ ይጠበቁ። ልካቸውም 10 ኒውተን ሜትር አካባቢ ነው፣ መመሪያውን አይቶ በመለኪያ ቁልፍ። የሚገቡት አሉሚኒየም ውስጥ ስለሆነ በጉልበት የሚያጠብቅ ሰው ይሰብራቸዋል። ከዚያ ክዳኑ ከመዘጋቱ በፊት እጀታውን ጨብጦ የላይኛው ሳህን ዙሪያውን እኩል መነሳቱን በዓይኑ ይይ። አንድ ጎን ቀድሞ የሚነሳ ከሆነ የሆነ ነገር በትክክል አልተቀመጠም።

ገጠመ። ቪዲዮ ላከ። ተለማማጁ ልጅ አሁን ሳይነገረው ነው ካርቶን የሚያመጣው። 12,000 ላይ 188። 13,000 ላይ 204። ቀጥታው እስኪያልቅ አልተላቀቁም።

ሰሞኑን ደግሞ ሌላ ድምፅ ላከልኝ። ከሜዳው ወጥቶ ሲቆም ዜሮ ማርሽ አልገባ እያለው ነው። «ጋሽዬ፣ ልፍታው እንዴ?» ይላል። «ሲሞቅ ነው ወይስ ሲቀዘቅዝ?» ብዬ ጻፍኩለት። እስካሁን አልመለሰም።